ትርፍ ጭነት

ለሦስት ቀን ነበር የመጣሁት፣ ለወፍጮ ሞተር ማስለቀቂያ፤
ቃሊቲ ጉምሩክ “ነገ” ሲለኝ፣ ነገም ሲሰደኝ ለነገ ወዲያ፣
ኪሴ ሳስቶ፣ ጫማዬ በጭቃ ከብዶ፣ ብጠይቅ አንድ የሲኖትራክ ረዳት፣
“ጋሽ ወርዶፋ ጋ ሂድ” አለኝ፣ “አቃቂ፣ ከአሮጌው ሐዲድ ወዲህ ያለች ቀይ ጣሪያ ናት።”

የጥርብ ድንጋይ ቤት። ግንቧ ክንድ ከስንዝር ይወፍራል።
ድሮ የባቡር ሹም ኖሮባታል፤ ዛሬ ሰባት አልጋ ይከራያል።
ቲኬት ይቆረጥባት በነበረች፣ ከእጅ በማትሰፋ መስኮት፣
ቁልፍና ግማሽ ሻማ አሾለከልኝ፣ ምናልባት ቢጠፋ መብራት።
“አራት መቶ ብር ነው ላንድ ሌሊት፤ ሙቅ ውሃ በባልዲ እዚያው ውስጥ ነው።
ቁንጫ የለም። ሽሮ አለ። ከሦስት ሰዓት በኋላ በሩን እኔው ነኝ የምከፍተው።”
ዋጋውን ሰምቼ ልቤ ረጋ፤ ሻንጣዬን ይዤ ላልፍ ስል፣
“ቆይ፣ ውጣ እዚህ ላይ” አለኝ፣ “ሳይመዘን ማን ገብቶ ያውቃል?”

ከኮሪደሩ ጫፍ የጭነት ሚዛን፤ ዘንጉ ነሐስ፣ እግሩ ብረት፤
አባቱ አርባ ዓመት የመዘኑበት የድሬዳዋ ሻንጣ፣ የአዋሽ ሽንኩርት፤
“አንዲት ግራም ሳያጭበረብሩ” ይላል፣ “አንዲት!” ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ።
ስልሳ አንድ ኪሎ ሆንኩ። ጻፈኝ በመዝገቡ፣
ከስሜ አጠገብ፣ በቀይ ስክሪፕቶ።
ያን ሌሊት ተኛሁ፤ መስኮቱ በከባድ መኪና ሲንቀጠቀጥ አንግቶ።

ሁለተኛው ቀን፤ ነገ። አራተኛው፤ ፊርማ ጎደለ። ስድስተኛው፤ ኃላፊው ስብሰባ።
እኔም ለመድኩ፤ የቱ ጣውላ እንደሚጮህ፣ የቱ ቧንቧ እንደሚያነባ።
የአልጋዬ እግር የሐዲድ ቁራጭ ነው፤ ማን ያነቃንቀዋል ቢገላበጡ?
ቀን ይቀዘቅዛል፣ ማታ ይሞቃል ግድግዳው፤ ግንበኞቹ ይህን ከየት አመጡ?

አምስት ቁጥር እትዬ ወለላ አሉ፤ በማለዳ ይወጣሉ ምሳ ዕቃ ይዘው።
ልጃቸው ቃሊቲ ነው፣ ከግንቡ ወዲያ። “ምን አድርጎ?” ብሎ በዚህ ቤት የሚጠይቅ ማነው?
ሲሄዱ ያስመዝኑታል፤ ሁለት ኪሎ ከሩብ። ሲመለሱ ባዶው ዕቃ፣ ስምንት መቶ።
“በላ!” ይላሉ፤ ማሽላ እያረረ እንደሚስቀው፣ ፊታቸው በርቶ።

ሰባተኛው ቀን ግን፣ እኔ ቁልፍ ስጠብቅ፣ ጨለም ሲል፣ ካፊያ ሲያካፋ፣
ገቡ። አልተናገሩም። ዕቃውን አስቀመጡ። መስፈሪያውን ገፋ ጋሽ ወርዶፋ።
አየሁት።
ሁለት ኪሎ ከሩብ። ያው የጠዋቱ።
ክዳኑ ያልተነካ፣ ፎጣው ያልተፈታ፣ እንደቋጠሩት እናቱ።

“ስንት ይላል?” አሉ፤ ክንዳቸው እያወቀው፣ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ተሰቅሎ።
ያ የአባቱ ልጅ፣ ግራም የማይሰርቀው፣ አውራ ጣቱን ዘንጉ ላይ ጥሎ፣
“ጎድሏል” አለ። “ሩብ ያህል ቀምሷል። ነገ ደግሞ ይጨምራል።”
“ተመስገን” አሉ እትዬ ወለላ፤ ያመነ ሰው እንደሚል።

ማታ ያንኑ ሽሮ አሙቀው አቀረቡ። ሦስት ሆነን ጨረስነው።
ጨው አልጎደለውም።

ዘጠነኛው ቀን ሞተሬ ወጣ። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ቆጠርኩ፣ መታወቂያዬን ተቀበልኩ።
“ውጣ” አለኝ እንደገና። ስልሳ ሦስት። በጉምሩክ ደጅ እየተንከራተትኩ ወፈርኩ!
“አባቴ ቢሆኑ ለትርፉ ያስከፍሉህ ነበር” አለ፣ መዝገቡን እያገላበጠ።
እኔ ጣቱን አየሁ፤ ዘንጉ ላይ ነው? አይደለም? ፊቱ እንደሁ ምንም አልተለወጠ።

ደጁ ላይ እትዬ ወለላን አገኘሁ፣ ምሳ ዕቃቸውን በፎጣ ጠምጥመው።
ዛሬ ሳያስመዝኑ ነው።
“እስከ ታክሲው ልያዝልዎት” አልኩ። ሰጡኝ።
ከበደኝ።
ሦስት ኪሎ አያጣም።
ሥጋ ሳይጨምሩበት አልቀሩም።